ጤናዬ የተባለችው ዘንዶ

ይህን ካነበባችሁ በኋላ «ፈጠራ ነው» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ብዬ ነበር።

ግን የጭነት ደረሰኙን በዓይኔ አይቻለሁ። የነገረችኝም የብርጓል የምትባል፣ ጎረቤቴ የነበረች መምህርት ናት። ነግራኝ በሳምንቱ ቤቱን ለቃ ሄደች። የት እንደሄደች አልነገረችኝም።

ቦታው ደብረ ማርቆስ ነው። ያለፈው ዓመት ኅዳር ወር፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

የብርጓል ከትምህርት ቤት ተመልሳ ገና በሩን መክፈቷ ነበር። ስልኳ ጮኸ።

ባሏ ተስፋዓለም ነው።

ተስፋዓለም እዚሁ ከተማ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የሥነ ሕይወት መምህር ነበር። አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ስምንት ወር ሆኖታል። «ቤት እንዳገኘሁ እወስድሻለሁ» ብሏት ነበር የሄደው።

«ቤት አገኘሁ» አላት።

የብርጓል ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እና... መቼ ልምጣ?»



«አንቺ ትንሽ ትቆያለሽ። መጀመሪያ ጤናዬን ላኪልኝ።»

ጤናዬ ዘንዶ ናት።

ተስፋዓለም ለጥናት ብሎ ከአባይ በረሃ ነው ያመጣት። ሕጋዊ ፈቃድ አውጥቶላት፣ ጓዳ ውስጥ በመስታወት ሳጥን፣ በአምፖል እያሞቀ አሳደጋት።

ስሙ ግን የእሷ አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በፊት የብርጓል በሰባት ወሯ ሴት ልጅ ተገላግላ ነበር። ልጅቷ ስትወለድ አላለቀሰችም ተባለ። እስትንፋስ የላትም ተባለ። ሊያወጡላት ያሰቡት ስም ጤናዬ ነበር።

ወር ሳይሞላ ተስፋዓለም ዘንዶዋን ይዞ መጣ። በዚያ ስም ጠራት።

«ሌላ ስም አውጣላት» ብላ ለመነችው።

«ስም ነው እንጂ ምን አለበት። ዝም ብሎ ከሚቀር» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የብርጓል «እሷ» ትላታለች እንጂ በስሟ ጠርታት አታውቅም።

ስልኩ እንደተዘጋ መልእክት ላከላት። ረጅም መልእክት።

በአውሮፕላን ውድ ነው። መኪና መኮናተርም ያው ነው። በአውቶቡስ ደብቆ መላክ ወንጀል ነው፣ ኬላ ላይ ይወርሷታል። ሕይወት ያለው እንስሳ በሐኪም ደብዳቤ የሚቀበል፣ ዋጋውም የሚቀመስ አንድ የጭነት ድርጅት አለ። በእሱ ላኪያት። የጤና ምስክር ወረቀት አስጽፊ። የጥጥ ከረጢት ውስጥ አስገቢያት፣ አፉን ጥብቅ አድርገሽ ቋጥሪው። ሳጥኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ይኑረው። ሙቅ ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ አድርገሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከጎኗ አኑሪ። እንዳይበርዳት።

የብርጓል እስከ ታች ድረስ አነበበችው።

«እንዴት ነሽ» የሚል የለበትም።

«ለምን እሺ እንዳልኩት እንጃ» አለችኝ። «እሷን ከወሰደ በኋላ የምቀረው እኔ ነኝ ብዬ ይሆናል።»

ሐሙስ ጠዋት የእንስሳት ሐኪሙ እንዳላማው ቤቷ ድረስ መጣ። ዘንዶዋን በከረጢት አድርገው ሚዛን ላይ ሰቀሏት።

እንዳላማው ቁጥሩን አየ። የአምናውን ካርድ አየ። ተመልሶ ቁጥሩን አየ።

«ቲቸር፣ አምና ሰባት ኪሎ ነበረች። አሁን አስር ተኩል ናት። ምን ያበሏታል?»

«እሱ ከሄደ ጀምሮ አልበላችም።»

«ስምንት ወር ሙሉ?»

«ዶሮ ስሰጣት ታየዋለች። አትነካውም።»

እንዳላማው ጓንት አጥልቆ ሆዷን መዳበስ ጀመረ። ከአንገቷ ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ።

መሃል ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

ቆየ... ቆየ... ከዚያ እጁን ሰበሰበ።

«ምንድን ነው?» አለችው።

«ምንም።»

«ዶክተር...»

«ረገጠኝ» አለ በሹክሹክታ።

ወዲያው በራሱ ሳቀ። «ጡንቻዋ ነው መሰለኝ» ብሎ ወረቀቱን ፈረመ። ማኅተሙን ሲመታ ግን ሁለት ጊዜ ሳተው።

ዓርብ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ የብርጓል ሳጥኑን በባጃጅ ጭና የጭነት ድርጅቱ ቢሮ ደረሰች። የምትመዘግበው ማንጠግቦሽ ድሮ ያስተማረቻት ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ውስጥ ያለው ስንት ነው?»

«አንድ።»

«ቅጹ ስም ካለው ጻፉ ይላል።»

የብርጓል ብዕሩን ተቀብላ ራሷ ጻፈች።

ጤናዬ ተስፋዓለም።

የአባት ስም ለምን እንደጨመረች እስከ ዛሬ አታውቅም።

ማንጠግቦሽ ሳጥኑ ላይ «ሕይወት ያለው እንስሳ፣ አይገልበጥ» የሚል ወረቀት ልትለጥፍ ጎንበስ አለች። ጆሮዋ ከቀዳዳዎቹ አጠገብ ሆነ።

እንደዚያው ጎንበስ ብላ ቀረች።

«ቲቸር...»

«አቤት?»

«እባብ ስቅ ይለዋል?»

 ሁለቱም ሳጥኑን አዩት። ሾፌሩ ጋሽ አበረ መጥቶ እስኪያነሳው ድረስ አንዳቸውም አልነኩት።

መኪናው ሄደ። የብርጓል ትምህርት ቤት ሄዳ ክፍሏ ገብታ ማስተማር ጀመረች።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ጮኸ። ጋሽ አበረ ነው፣ ከሉማሜ።

«እህቴ... ሳጥንሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ወረቀቱ ላይ ተጽፏል እኮ።»

«ወረቀቱንማ አይቻለሁ። ሻይ ልጠጣ ብወርድ ሰው መኪናዬን ከበበው። ልጅ ታፍኖ እያለቀሰ ነው ይላሉ።»

«ዘንዶ ናት፣ ጋሽ አበረ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔም ሰማሁት።»

የብርጓል አስፈቅዳ ወጣች። ሚኒባስ ይዛ ሉማሜ ስትደርስ ሰዉ መንገዱን ሞልቶታል። ፖሊስም ቆሟል።

«ክፈችው» አላት ፖሊሱ።

ከፈተችው።

ከረጢቱ እንደተቋጠረ ነው። ዘንዶዋ ውስጡ ተጠቅልላ ተኝታለች። ምንም ድምፅ የለም። ፖሊሱ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። ፈቃዱ፣ የሐኪሙ ደብዳቤ፣ ደረሰኙ... ሁሉም ሕጋዊ ነው። መለሰላት።

ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ። አንዲት አሮጊት ብቻ ቀሩ። የብርጓልን ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ቀረብ ብለው ነጠላዋን ወደ ፊት ሳቡላት።

«ደረትሽን ሸፍኚ፣ ልጄ» አሏት ቀስ ብለው።

የብርጓል ጎንበስ ብላ አየች።

ሸሚዟ በሁለቱም በኩል ረጥቧል።

ወተት ነበር።

ለባሏ ደወለች።

«ታለቅሳለች» አለችው።

«ማን?»

«ጤናዬ።»

«እባብ አያለቅስም።»

«ሰው ሁሉ ሰምቷል። ይዣት ልመለስ።»

በረጅሙ ተነፈሰ።

«የብርጓል፣ ደግሞ ጀመረሽ? ያኔ ሐኪም ቤትም እንደዚሁ ነበርሽ። ልጄ አልቅሳለች፣ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ እያልሽ ሰው ፊት አዋረድሽኝ። ፈቃዱ ነገ ያበቃል። ላኪያት።»

ዘጋባት።

«ይዣት ልመለስ ቆርጬ ነበር» አለችኝ። «እንዲህ ሲለኝ ግን መረረኝ። ሦስት ዓመት ብቻዬን ተሸከምኳት። አሁን ደግሞ እሱ ይሸከማት አልኩ።»

ክዳኑን መለሰችው። ምስማሩን በድንጋይ መታችው።

«ይሂድ ነው የምትይኝ?» አላት ጋሽ አበረ።

«ይሂድ። አባቷ ጋ ነው የምትሄደው።»

ጋሽ አበረ አማትቦ መኪናውን አስነሳ።

ምሽት ላይ ከድርጅቱ አጭር መልእክት ገባላት። ጭነቱን ባለቤቱ ተረክቧል ይላል።

ተስፋዓለም አልደወለም።

የደወለው በማግስቱ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ነበር።

«የብርጓል... እንዴት ነሽ?»

በስምንት ወር ውስጥ እንዲህ ብሎ ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነው።

«ደረሰች?»

«ደርሳለች።»

«ለምን ታንሾካሹካለህ?»



«ገና አሁን መተኛቷ ነው» አለ።

ስልኩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ብትደውል ብትደውል አያነሳም። ሰኞ ሥራ ቦታው ደወለች። አልገባም አሏት። ማክሰኞም አልገባም።

ረቡዕ በጠዋቱ የአዲስ አበባ መኪና ተሳፈረች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጭነት ደረሰኙ አድራሻ ቤቱን አገኘችው። ቀን ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ግቢው ውስጥ አንዲት ሴትዮ ልብስ ታሰጣለች።

«ሚስቱ ነሽ?» አለቻት አከራይዋ።

«አዎ።»

«እንኳን መጣሽ። ለብቻው እንዴት ይችላል ብዬ ነበር» አለቻት። ወደ ልብሷ ዞረች።

በሩ አልተቆለፈም።

መጋረጃዎቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ቤቱ ያፍናል። የብርጓል ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ በሩ ላይ ቆመች።

ወለሉ ላይ የሆነ ነገር ተዘርግቷል።

እባብ ሲያድግ የሚጥለው ቆዳ ነው። ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። ከጭራው ጀምራ በዓይኗ ወደ ላይ ተከተለችው። ረጅም ነው። ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይታያል።

መሃሉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

ከቆዳው ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ወጥተዋል። የሕፃን ሹራብ እጅጌ ይመስላሉ።

ጎንበስ አለች...

ከውስጠኛው ክፍል የተስፋዓለም ድምፅ መጣ። ለቀናት እንቅልፍ ያላየ ሰው ድምፅ ነው።

«ተይ... ተይ በቃ። ይኸው እናትሽ መጣች።»

የብርጓል ቀና አላለችም።

እጅጌዎቹ ጫፍ ላይ፣ በሁለቱም በኩል፣ አምስት አምስት ጣት ነበር። ጥፍራቸው ሳይቀር።