ቀለም የጠጣችው ሠዓሊ

ሊሻን የሞተችው እንደተቀመጠች ነው። ጀርባዋን ለማንጎው ግንድ ሰጥታ፣ ብሩሹን በጣቶቿ መካከል እንደያዘች፣ ፊቷን ቁልቁል ወደ አባያ ሐይቅ አዙራ ተገኘች። ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር። ከጎኗ ባዶ በርጩማ ቆሟል።

ኢንስፔክተር በለጥሽ በሴቻ ሰፈር አፋፍ ላይ ካለው የሟቿ ግቢ ስትደርስ ጎረቤቱ አጥሩን ተደግፎ ይንሾካሾክ ነበር። ሊሻን ከመሞቷ በፊት ከማትታይ ሴት ጋር ስታወራ ተሰምታለች። የጫካ ጠባቂው አዛውንት ኤርጫፎም ጠዋት ከደጋ ወርደው ጎብኝተዋታል፤ በዚህም የተነሳ ከንፈሯን ያጠቆረው የእሳቸው እርግማን ነው ተባለ። ከታች ሲቀላ ሰፈር፣ መናኸሪያ ላይ ጎረምሶች ከበዋቸው ፖሊስ ባይደርስ ኖሮ ሁለት ሬሳ ይነሳ ነበር። አሁን ጣቢያ ተቀምጠዋል።

በለጥሽ በመሀረቧ ጫፍ የሟቿን ከንፈር ነካ አደረገች። ሰማያዊው ለቀቀ። ቀለም ነው። ብሩሽ የሚታጠብበት ጣሳ ባዶ ነበር፤ ከሥሩ ያለው አፈር ግን ደረቅ ነው። ሊሻን የቀለም እጣቢውን ጠጥታዋለች። የዓይኗ ብሌን ደግሞ ሰፍቶ ዓይኗን ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

ታላቅ እህቷ መምህርት ጽጌረዳ በረንዳው ላይ ሆና የሆነውን አስረዳች። አባታቸው ለማስተማር ከጎጃም መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። ከመቶ ዓመት በፊት ቀለሟን ሸክፋ ብቻዋን ዓለምን ስለዞረች፣ አበባን ቆርጣ ሳይሆን በበቀለበት ስለሳለች አንዲት እንግሊዛዊት ደጋግመው ያወሩላቸው ነበር። ያቺ ሴት የእኛን አገር ሳታይ መቅረቷ ሊሻንን ያንገበግባት ነበር፤ የቀረውን እኔ እስለዋለሁ ብላ እንደወጣች ለዓመታት ቀረች። ባሌ፣ ማዳጋስካር፣ ሕንድ። ስትሄድ ልጇ ኑሃሚን አንድ ዓመቷ ነበር፤ የተመለሰችው ገና ዘንድሮ ነው።

«አበባ ስታሳድድ ልጇን ያሳደግኳት እኔ ነኝ» አለች ጽጌረዳ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ጠዋት ከልጅቷ ጋር ወደ ትምህርት ቤት ስንወጣ ደህና ነበረች። የሽፈራው ቅጠል ሻይዋን ከፔርሙዙ ቀድታ ጠጥታ፣ እያንጎራጎረች ቀለሟን ስታዘጋጅ ነው የተውናት። ቀትር ላይ ስንመለስ ትለፈልፋለች። ልጅቷን ክፍል አስገባኋት። በኋላ ዝም ስትል የተኛች መሰለኝ።»

ዶክተር ወንደሰን የዕፅዋት መምህር ነው፤ የሊሻንን የሥዕል መጽሐፍ ጽሑፍ የሚያዘጋጀው እሱ ነበር። ሰሞኑን ተኳርፈዋል። እሱ አበባው ብቻውን በነጭ ወረቀት ላይ ይውጣ ይላል፤ እሷ ከበስተኋላው አገሩ ካልታየ አልስልም ትላለች። ሊታረቃት በምሳ ሰዓት ከሲቀላ ጥብስ ዓሣ ይዞ ቢመጣ በማያውቀው ስም ጠራችው። አላገጠችብኝ ብሎ ተቆጥቶ ሄደ። ዓሣው ከነመጠቅለያው ሳይፈታ እዚያው ነበር።

ኤርጫፎ የደጋው ቅዱስ ጫካ ጠባቂ ናቸው። ሊሻን ሳታስፈቅድ ገብታ ጫካውን ስላለች፣ ሥዕሉ እንዳይታተም ሊለምኗት መጥተው ነበር። ከቀፏቸው ማር ይዘውላት፣ በጣቷ ቀምሳለች። መርማሪዎቹን ያጠራጠረው ይህ ማር ነው።

«አባዬ አለችኝ» አሉ ኤርጫፎ ጣቢያ ውስጥ፣ የተቀደደ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። «ባዶውን በርጩማ አሳየችኝና ከሩቅ የመጣች እንግዳ ናት፣ ሰላም በላት አለችኝ። ሰላም አልኩ። ምን ላድርግ? ከዚያ ወዲህ ያ በርጩማ ባዶ ነበር ብዬ መማል አልችልም።»

በለጥሽ ብዙ ሬሳ ያየች ሴት ናት፤ ቢሆንም «በርጩማ» ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ሁለቴ አሰመረችበት።

ኑሃሚንን ያገኘቻት ጎረቤት ቤት ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አክስቷን እማዬ፣ እናቷን ሊሻን እያለች ትጠራለች።

«በሚቀጥለው ሳምንት ይዛኝ ልትሄድ ነበር» አለች። «ፈልጌ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመጣ ግን ሊሻን አየር ላይ የሌለ ነገር ስትለቅም አየኋት፤ የቆሸሸውን ውሃ ጠጣች። ፈራሁ። አልሄድም አልኩ።»

«እማዬስ ምን አለች?»

«አቀፈችኝ።»

በለጥሽ ወደ ግቢው ተመልሳ የመጨረሻውን ሥዕል ብርሃን ላይ ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው። ከፊት ቀይ የቆርች ዛፍ አበባ፣ ከኋላ ሐይቁና ከሲቀላ የሚወጣው ዳገት። ከኩሽናው ጀርባም ዞረች። ያልታጠበ ዕቃ ተከምሯል፤ ፔርሙዙ ብቻ ታጥቦ ተደፍቷል። አጥሩ ሥር፣ ነጭ መለከት የመሰለ አበባ ካለው፣ አስተናግር ከሚባለው ቁጥቋጦ ላይ አንድ ቅርንጫፍ አዲስ ተቀንጥቧል። ከዚያ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ደወለች።

በማግስቱ ሦስቱንም ማንጎው ሥር ሰበሰበቻቸው። በርጩማዋ ላይ ማንም አልተቀመጠም።

«ሊሻንን የገደላት አስተናግር ነው» ብላ ጀመረች። «የሐኪሙ ውጤት እስኪመጣ ምልክቱ ይበቃኛል። አፍን ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ የሌለ ሰው ያሳያል፣ ያናግራል። ጥያቄው መቼ ጠጣችው ነው።»

ሥዕሉን አነሳች።

«ሐይቁን እዩት። ደሴቱ፣ ዳገቱ፣ ሁሉም ጥርት ብሏል። አጠገቧ የነበረው አበባ ግን እዩት እንዴት እንደፈሰሰ። አርባ ያልሞላት፣ መነጽር የማታውቅ ሴት ናት። ብሌኑ የሰፋ ዓይን ሩቁን ያያል፣ ቅርቡ ይምታታበታል። ስለዚህ ይህን ስትስል መርዙ ሰውነቷ ውስጥ ነበር።»

ወንደሰን ዓሣው ገና አለመፈታቱን ማስታወስ ፈለገ። በለጥሽ ራሷን ነቀነቀች፤ እሱ የመጣው በምሳ ሰዓት፣ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው።

«አሁን ዳገቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰው እዩ። ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከሲቀላ መናኸሪያ ሽቅብ ሲመጡ ነው። ነጩ ቀለም ያረፈው ከተዝረከረከው ቀይ በላይ ነው። አበባው ቀድሞ ተበላሽቷል፣ ሽማግሌው በኋላ ተሳሉ። አባ ኤርጫፎ ገና ሩቅ መንገድ ላይ እያሉ፣ ማሩ ሳይቀመስ፣ ዓይኗ ታሞ ነበር።»

ኤርጫፎ ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብለው ራሳቸውን ፈለጉ። ሲያገኙት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«የሚቀረው የጠዋቱ ሻይ ነው» አለች በለጥሽ። «መምህርት ጽጌረዳ፣ እህትዎን ደህና ትተዋት እንደወጡ ነግረውኛል። ርዕሰ መምህሩ ግን ሌላ አለኝ። ጠዋት ቢሮው ገብተው የልጅቷ እናት ታማለችና ከቀትር በፊት ይዣት ልውጣ ብለው አስፈቅደውታል። ያን ጊዜ ሊሻን መታመሟን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።»

ጽጌረዳ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ሐኪም ያልጠራሁት ይለቃታል ብዬ ነው» አለች። «እንድትሞት አልፈለግኩም። ልጅቷ አንድ ጊዜ እንደ እብድ ስትሆን እንድታያት ብዬ ነው ሻይዋ ውስጥ የጨመርኩት። ለምናምን አበባ ጥላት ሄደች፤ እኔ አሳደግኳት። አሁን መጥታ ይዣት ልሂድ ትላለች? ኑሃሚን ራሷ አልሄድም እንድትል ነው የፈለግኩት።» ወደ ጎረቤት ቤት ተመለከተች። «አለች። አልሄድም አለች። ከዚያ ግን ሊሻን ዝም አለች። በመስኮት አየኋት። መውጣት ፈራሁ፤ አጠገቧ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ።»

ፖሊሶቹ ሲወስዷት ኤርጫፎ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ሊረግሟት ይችሉ ነበር፤ አልረገሟትም።

በለጥሽን ከሁሉ የከበዳት ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ነው። ጎረቤት ቤት ኑሃሚን፣ የአክስቷን መያዝ ገና ሳትሰማ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ሊሻን አላበደችም» አለቻት። «መንፈስም አልያዛትም። የጠጣችው ቅጠል ነው እንደዚያ ያደረጋት። ልትወስድሽ የፈለገችው በሙሉ ልቧ ነው።»

ልጅቷ ጉልበቷን ለቀቀች። ፊቷ ቀስ በቀስ ፈታ አለ።

«ለእማዬ ንገሪያት» አለች። «እሷም በጣም ፈርታ ነበር።»