ዛጎል የሮጠችበት የባልጩት ሜዳ

በኤርማዝ መንግሥት ሽውታ የሚባሉት ውሾች ጮኸው አያውቁም። ስለዚህ አንድ ማለዳ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ወደ ምሥራቅ አቅንተው ባላዘሩ ጊዜ፣ የንጉሥ ናርዛን ዋንጫ ከእጁ ወደቀ። ጀንበር ሳትጠልቅም ወሬው ደረሰ። ድብዝ የተባለው የጉም አውሬ ከዋሻው ወጥቷል፤ ትንፋሹ በደረሰባቸው የምሥራቅ መንደሮች የሰው ዐይን ሁሉ ጠፍቷል።

የውሾቹ አለቃ ሽማግሌው ቢትወር በንጉሡ ፊት እጅ ነሥተው ቆሙ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ድብዝ በጥላ ውስጥ ሳለ ሰው አያየውም። ጉም ጠረን የለውምና ሌላ ውሻም በአፍንጫው አይደርስበትም። ሽውታ ግን የምታድነው በዐይኗ ነው። ቀዳሚቱ ንግሥት አዝመሪት የጨውን በረሃ አቋርጣ ስትመጣ፣ ሕዝቧን ከዚሁ አውሬ ያተረፉት የእነዚህ ቅድመ አያቶች ናቸው። እኛም ዘራቸውን ሳናደባልቅ እስከ ዛሬ የጠበቅነው ለጌጥ አይደለም። ፀሐይ ላይ ካወጡት ድብዝ ሥጋ ይለብሳል፤ ሥጋ የለበሰ ደግሞ በጦር ይሞታል።»

የልጅ ልጃቸው ሐመልት ወደ ፊት ወጣች። በእጇ ያሳደገቻት ዛጎል አጠገቧ ቆማለች፤ ነጭ፣ ወገበ ቀጭን፣ እግሯ እንደ ሸምበቆ የረዘመ፣ የዙፋኑን ግርማ ከቁም ነገር ያልቆጠረች።

«በአዝመሪት ዙፋን፣ በወለደችኝ እናቴም እምላለሁ!» አለች ሐመልት። «ድብዝ ሳይወድቅ ፊቴን ወደዚህ ደጅ አልመልስም።»

ንጉሡ መረቃት፤ ጦር ወርዋሪውን ጉልማንም ጨመረላት። ቢትወርም በቅሏቸውን አስጭነው ተከተሉ።

ጉልማ ጀግና ነበር፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም። ዛጎል መንገድ ላይ ቆማ አድማሱን ስትመለከት «ነይ አንቺ! ምን ይገትርሻል?» ብሎ አምባረቀባት። ዛጎል ፊቷን አዙራ ቁጭ አለች። ዱላ ሲያነሣ ሐመልት ክንዱን ያዘችው።

«አንድ ጊዜ ከመታሃት እስክትሞት አትረሳውም» አለችው። «ሽውታ በጩኸት አትታዘዝም። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ከጠራሃት ግን ከእሳት ውስጥም ትመጣለች።»

ከአንድ ወንዝ ዳር ሲያርፉ ሐመልት የሰሊጥ ዘይት አሙቃ የዛጎልን መዳፍ ማሸት፣ በጣቶቿ መካከል የገባውን እሾህ መንቀል ጀመረች። ትንፋሿ ሳይረጋጋም ምግብ አልሰጠቻትም፤ ሮጣ ወዲያው የበላች ሽውታ ሆዷ ተነፍቶ ትሞታለችና። ጉልማ ብዙ ከተመለከተ በኋላ ተንበርክኮ «ዛጎል» አለ፣ በለሆሳስ። እሷም ትክ ብላ አየችውና መዳፏን ዘረጋችለት።

«ተሾምህ፣ ልጄ!» ብለው ቢትወር ሳቁ። «እኔን ዓመት ሙሉ ነው ደጅ ያስጠናችኝ።»

ከዚያ ግን ሐመልትን ለብቻዋ ጠሯት። «ልጄ፣ ዕወቂው። ሽውታ ማሳደድ ከጀመረች ልቧ እስኪፈነዳ አትቆምም። የሚመልሳት ያንቺ ድምፅ ብቻ ነው።»

የድብዝ ዋሻ ከባልጩት ሜዳ ማዶ ነበር፤ ድንጋዩ ጥቁር፣ ስለቱ እንደ ምላጭ። በገደሉ ጥላ ሥር ሐመልትና ጉልማ ግራጫ ነገር ሲንሳፈፍ እንጂ ሌላ አላዩም። ዛጎል ግን አየችው። ጆሮዋ ቆመ፤ እንደ ቀስት ተወነጨፈች።

ጉሙ ሸሸ። እሷ ቀደመችው። ወደ ዋሻው ሲታጠፍ መለሰችው፣ ወደ ገደሉ ሲጠጋ አባረረችው፤ ባረፈችበት ድንጋይ ሁሉ ላይ ደም ቀረ።

«ጥሪያት!» ብሎ ጮኸ ጉልማ፣ እንባው እየወረደ። «እግሯ ተቆራረጠ፤ ሌላ ቀን እንመለሳለን! ሐመልት፣ ስለ ፈጠረሽ ጥሪያት!»

ሐመልት አያቷን አየች። ቢትወር ፊታቸውን በኩታቸው ሸፍነዋል። የዛጎልን ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች። በምሥራቅ መንደሮች ስታልፍ ያየቻቸው፣ ግድግዳ እየዳበሱ የሚሄዱት ሰዎች ትዝ አሏት። ከንፈሯን ነክሳ ሳትጠራት ቀረች።

ዛጎል ጉሙን እያዋከበች ከጥላው አወጣችው። ፀሐይ ሲነካው ግራጫው ረጋ፤ ቅርፊትና ጥፍር አበቀለ፤ አገሳ። ዛጎል ዘልላ ጉሮሮውን ያዘች። አውሬው ሊያራግፋት ደረቱን ሲገልጥ የጉልማ ጦር ዘልቆ ገባ። ድብዝ ወደቀ፤ ሰማዩም ጠራ።

ዛጎል በቀስታ፣ አንገቷን እንዳቀናች ተመለሰች። ለማንም አንገቷን ደፍታ የማታውቀው ያቺ ኩሩ ውሻ በሐመልት ጭን ላይ ራሷን አኖረች።

«ሳልጠራሽ ቀረሁ» አለቻት ሐመልት። «ይቅር በይኝ። እናመሰግንሻለን፣ የእኔ እመቤት።»

ዛጎል ዐይኗን ከሐመልት ዐይን ሳትነቅል ዐረፈች።

ጉልማ በካባው ጠቅልሎ ተሸከማት። የምሥራቅ መንደሮች ሰዎች ድብዝ በመሞቱ የዐይናቸው ብርሃን ተመልሶ መንገድ ዳር ቆመው ነበር፤ አንዱ እጁን ያያል፣ ሌላው የሚስቱን ፊት። ሕፃን ያቀፈች ወጣት እናት ከፊታቸው ቆመች።

«ልጄን የወለድሁት ዐይኔ ከጠፋ በኋላ ነው። መልኩን በጣቴ ብቻ ነበር የማውቀው፤ ዛሬ አየሁት። ማንን ላመስግን?»

ጉልማ ተንበርክኮ ካባውን ገለጠ። ሴትዮዋ ጎንበስ አለች። የዛጎልን ግንባር ሳመችና ወደ ሐመልት ዞረች።

«እኔ አላውቃትም» አለች። «ምን ዓይነት ነበረች? ንገሪኝ፤ ለልጄ የምነግረው ይኑረኝ።»

ሐመልት እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰችም ነበር። አሁን አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ከዛጎል አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሴትዮዋም ሕፃኗን እንዳቀፈች አብራት ተቀመጠች፤ ሕዝቡም ተከትሎ ተቀመጠ።

«ስትወለድ ከመዳፌ አትበልጥም ነበር» ብላ ጀመረች።