የቆመው ታንኳ

አቶ ገድሉ በቁንዝላ የሐይቅ ዳርቻ፣ ደንገል መሀል ሞተው የተገኙት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዓርብ ከሰዓት ዓሣ ሊያጠምዱ ብቻቸውን በደንገል ታንኳ ወጥተው ሰመጡ ተባለ። ከባሕር ዳር የተጠራችው ኢንስፔክተር አሪፋ ግን ማጅራታቸው ላይ የድንጋይ ምት አየችና ቀብሩን አስቆየች።

ሚስታቸው ወይዘሮ እናትዓለም አልተቃወሙም። «እውነቱን ሳላውቅ አልቀብረውም፣ ልጄ። አሁን የቀረኝ አንድ ወንድ ልጄ ይትባረክ ነው» አሉ።

መሬቴን ለነዳጅ ቁፋሮ አልሰጥም ያሉት ገድሉ ብቻ ነበሩ። ነዳጅ ከተገኘ ወዲህ ወንፈል የሚወጣ ጠፍቷል፤ ጤፉ አጫጅ አጥቶ ማሳው ላይ ረግፏል። ዓርብም የመንደሩ ወንድ ሁሉ የነዳጁ ጉድጓድ ላይ ፈረቃ ነበር። ዳርቻው ላይ የዋሉት ሦስት ናቸው፦ መሐንዲሱ ኪሩቤል፣ ለሠራተኞች ማደሪያ የሚሠራው የወረታ ነጋዴ መስዑድና የሟቹ ልጅ ይትባረክ። መሬት የሰጠ ቤተሰብ ልጁን ሾፌር ያስቀጥራል፤ ይትባረክ ገና አልተቀጠረም።

አሪፋ ሦስቱንም ለየብቻ አነጋገረች። በመጨረሻም የሞኝ የሚመስል ጥያቄ ጨመረች፤ ታንኳ ከሐይቅ ሲመለስ ምን ይደረጋል? ኪሩቤል ከግንድ ጋር ይታሰራል አለ። መስዑድ አሸዋው ላይ ይተዋል ብሎ ገመተ፤ «እኔ እንኳን ታንኳ፣ ድልድይም ቢስሚላህ ብየ ነው የምሻገረው» አላት። ይትባረክ ግን ሳቀባት። «ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ይቆማላ! ካልቆመ ይበሰብሳል።»

አመሻሹ ላይ ሁሉንም ዳርቻው ላይ ካለው የሾላ ዛፍ ሥር ሰበሰበች። የገድሉ ታንኳ ግንዱን ተደግፎ ቆሟል።

«ጠዋት ሳየው ከሥሩ ያለው አፈር ርሶ ነበር» አለች። «ሐይቅ ላይ ውሎ ተመልሷል ማለት ነው። የሰመጠ ሰው ደግሞ ታንኳውን አውጥቶ አያቆምም።»

የቆመ ታንኳ እዚህ አገር ለዓይን እንግዳ አይደለም።

«ከሦስቱ ይህን ልማድ የሚያውቀው አንድ ነው። ይትባረክ፣ አብራችሁ ወጥታችሁ አብራችሁ ተመለሳችሁ። ታንኳውን አቆምህ። ከዚያ ተጣላችሁ። አስከሬኑን ወደ ውሃ ስትገፋ ታንኳውንም መግፋት ነበረብህ። ልማዱን የማያውቅ ሰው ቆሞ ቢያየው ይገርመውና ይገፋው ነበር፤ ለአንተ ግን ሁሉም በቦታው ያለ መሰለህ።»

ይትባረክ እጆቹን አያቸው። «የመሬቱን ውል ፈርም ብየ ገፋሁት። ድንጋይ መኖሩን አላየሁም።»

እናቱ ወደ እሱ አልዞሩም። «ታንኳ ማቆም ያስተማረው አባቱ ነው» አሉ፤ «በሰባት ዓመቱ።»

ይትባረክን ከወሰዱት በኋላ አስከሬኑን የሚሸከም ወንድ አልነበረም፤ ፈረቃው እስኪያልቅ መጠበቅ ግድ ሆነ። ወይዘሮ እናትዓለም ሾላው ሥር ተቀምጠው የታንኳውን ሆድ በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ደርቋል» አሉ።