አረፋ ያላወጣው ብልቃጥ

ዶክተር ሙዓዊያ ቆቦ ከተማ ዳር ባለችው የምርምር ክፍሉ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። አውራ ጣቱ ላይ ሁለት የእባብ ጥርስ ምልክቶች ነበሩ። ከፊቱ ባዶ መርፌ፣ ሩቡ የቀረ ብልቃጥና የሰውነቱን ሙቀት የመዘገበበት ደብተር ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት የለፋው ማሽላ ሲያጭዱ በእባብ ለሚነደፉ የራያ ገበሬዎች ነበር። መርዙን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል ሠርቶ አይጦችን አድኗል። ለሰው የተዘጋጀው አንድ ብልቃጥ ግን የሙከራ ፈቃድ እየጠበቀ ነበር።

«መርዝ ሲቀዳ እባቡ ነደፈው፤ መድኃኒቱን ተወጋ፤ አልሠራም። ሌላ ምን አለው?» አለ ረዳቱ በድረዲን።

ኢንስፔክተር ዚነት ብልቃጡን ወዘወዘችው። ከፍሪጅ የአይጦቹን መድኃኒት ብልቃጥ አውጥታ ያንንም ወዘወዘች።

«ይሄኛው ለምን አረፋ አወጣ?»

«ፕሮቲን ስላለው ነው።»

«የዶክተሩስ?»

በድረዲን ተቀብሎ ደጋግሞ ወዘወዘው፤ አረፋ አላወጣም።

«ሲነደፍ ደውሎልህ ነበር?»

«ለእኔም፣ ለባለቤቱ ለፈሪሀም፣ ለምርምር ክፍሉ ነርስ ለአስረሳሽም ደውሏል። መድኃኒቱን ወስጃለሁ ሲል ተረጋጋን። አስረሳሽ ግን ባጃጅ ይዛ ‹ሆስፒታል! ሆስፒታል!› እያለች ደረሰች። እሱ ግን አልፎ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ዚነት ሦስቱንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ብልቃጡን አስመረመርኩት፤ ውስጡ የነበረው የጨው ውሃ ነው» አለች። «የፍሪጁ ቁልፍ ሦስታችሁም ጋ አለ። የተለመደው ማርከሻ ያለበት ሆስፒታል በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው፤ ሟች የራሱን መድኃኒት አምኖ አልሄደም። ሁለታችሁም እንደሱ አመናችሁ። ያላመነችው አንዷ ብቻ ናት።» ጥቁር ወደለበሰችው ነርስ ዞረች። «አስረሳሽ፣ ለማን ነው ሐዘኑ?»

«ለወንድሜ። ሳምንቱ ነው። እሱንም እባብ ነደፈው። ያን ቀን ሆስፒታሉ ማርከሻ አልቆበት ነበር። ዶክተሩን ለመንኩት፤ ያለ ፈቃድ አልሰጥም አለኝ። ሰረቅሁና በቦታው የጨው ውሃ ሞላሁበት።»

«በስልክ ለምን አልነገርሽውም?»

«አፈርኩ። እደርሳለሁ ብዬ ነበር።»

ፈሪሀ ቀና አለች። «ወንድምሽ ግን... ለምን ሞተ? መድኃኒቱን አልሰጠሽውም?»

«ሰጥቼዋለሁ። ሰዓት ሳይሞላው ወጋሁት። ምንም አልረዳውም።»

በድረዲን የአይጦቹን ብልቃጥ ወደ ፍሪጁ መለሰው።

«እንደማይሠራ ለዶክተሩ ልነግረው በየቀኑ እመጣ ነበር» አለች አስረሳሽ። «ተስፋ አድርጎ ሲሠራ ሳየው፣ አፌን ይዞኝ እመለሳለሁ።»

ዚነት አስረሳሽን ይዛ ልትወጣ ስትነሣ ፈሪሀ ከበሩ ላይ አስቆመቻቸው።

«ምነው» አለች፣ «ለእኔም ባልነገርሽኝ።»