የተጠቀለለው ገመድ

ጡረተኛው መምህር ከደረጃው ሥር በጎናቸው ወድቀው ነበር። አንዱ ነጠላ ጫማ እግራቸው ላይ ነው፤ ሌላው ሦስተኛው እርከን ላይ ቀርቷል። እዚያው እርከን ላይ ሰማያዊ የኔትወርክ ገመድ ተጋድሟል። መርማሪዋ ስትደርስ ጎረቤቱ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፤ ገመዱ ጠለፋቸው፣ ገመዱን የዘረጋው ቴክኒሻኑ ነው፣ አለቀ። ቴክኒሻኑም ከነሥራ ቦርሳው ወደ ጣቢያ ተወስዷል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እትዬ ቆይ» ይሏታል። የቸኮለ ሰው ሁሉ ከእሷ የሚሰማው ይህችኑ ቃል ስለሆነ ነው። ጡረታ ለመውጣት ዓመት ከመንፈቅ ይቀራታል፤ ጉልበቷ ግን ቀድሟት ጡረታ ወጥቷል። እያቃሰተች ተንበረከከችና ግድግዳውን አየች። ገመዱን ይዘው የነበሩት ትንንሽ ምስማሮች የሉም፤ ቀዳዳቸው ብቻ በመስመር ይታያል። ልስኑ ግን አንድም ቦታ አልተቦጨቀም።

«አለቃ፣ አደጋ ነው። ጽፈን እንሂድ» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

«ቆይ። የሚወድቅ ሰው እግር ምስማር ሲነቅል ግድግዳውን ይዞ ነው የሚወርደው። እነዚህን ያወጣቸው እጅ ነው፤ ያውም ተጠንቅቆ።»

ፎቅ ላይ ያለችው ክፍል ከቁም ሣጥን ብዙም አትሰፋም። ጠረጴዛው ላይ የጫማ ካርቶን የምታክል ጥቁር ሳጥን ተቀምጣለች፤ የቤቱ ፊልም፣ ሙዚቃና ፎቶ ሁሉ የሚቀመጠው እሷ ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዷ ከሶኬቱ ተነቅሎና ተጠቅልሎ ከላይዋ ተደርጓል። መርማሪዋ ሳትነካው ብዙ አየችው። ቀለበቶቹ እኩል ናቸው፤ አንዱ ወደ ውስጥ፣ ቀጣዩ ወደ ውጭ እየተገለበጠ የተጠቀለለ ነው።

አስከሬኑን ያገኘችው ታላቋ ልጅ ናት። ልብስ ሰፊ ስትሆን፣ አሥር ሰዓት ላይ ከሱቋ ስትመለስ ነው ያየችው። ሜትሯ ገና አንገቷ ላይ ነበር።

«እናታችን ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው» አለች። «ድምጿ ያለባቸው ሃያ ሁለት የቪዲዮ ካሴቶች ነበሩ። ሻጋታ ሲበላቸው አባዬ ወደ ሳጥኗ አስገልብጦ ጣላቸው። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ነው። እሷ ስታወራ እሱ ይመልስላታል።»

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«ዛሬ ጠዋት ‹አባዬ፣ ከሞተ ሰው ጋር መኖሩን ተው፣ እኛም አለን› አልኩት። የመጨረሻ ንግግራችን ይኸው ነው፣ እትዬ።»

ሜትሩን ከአንገቷ አውጥታ እያጣጠፈች አለቀሰች።

ታናሽ ወንድሟ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ነው። ዓይኑ ደም መስሏል።

«እኔ ሳሎን ፊልም እያየሁ ነበር። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ስለነበር መድፍ ቢተኮስ አልሰማም። ከስምንት ተኩል ጀምሮ እህቴ እስክትጮህ ድረስ ከሶፋው አልተነሳሁም።»

«ፊልሙን ከየት አመጣኸው?»

«ከአባዬ ሳጥን ነዋ! ይሄ ሁሉ ገመድ ለዚያ አይደል የተዘረጋው? ምናለ ሰውየው ምስማሩን በደንብ ቢመታው ኖሮ!»

መርማሪዋ ሰዓቱን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፤ ሌላ አልጠየቀችውም።

ጣቢያ ስትመለስ ቴክኒሻኑ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። የሦስት ልጆች አባት ነው። በቸልተኝነት ሰው ገደለ ከተባለ እስሩ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ደጁን የሚከፍትለት ደንበኛ የለም።

«ልጆቼን ይንሳኝ፣ እትዬ፣ ምስማሩን በየስንዝሩ መትቻለሁ።»

«ዛሬ መምህሩ ደውለውልህ ነበር?»

አንገቱን ደፋ። «ዘጠኝ ከሩብ ላይ፣ እያለቀሱ። ሳጥኗ ልጃቸው በሚቀርጻቸው ሠርጎች ሞልታለች። ቦታ ለማስለቀቅ ብለው የባለቤታቸውን ቀረጻ ሰረዙት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ‹ሁለት ዲስክ አላት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለልዎት› ብያቸው ነበር። ከአንዱ ብሰርዘው በሌላው ይቀራል ብለው አሰቡ። ሁለተኛው ግን የፊተኛው መስተዋት ነው፤ ከአንዱ የጠፋ ከሁለቱም ይጠፋል። ይህን አልነገርኳቸውም።»

«እንግዲህ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።»

«ይሄኛው ይታፈሳል፣ ሰው ካልረገጠው። አዲስ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ የተሰረዘው እዚያው አለ። ‹ሮጠው ሶኬቱን ይንቀሉ!› አልኳቸው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስደውል አላነሱም።»

በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ ሁሉንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበች። የቴክኒሻኑ ካቴና ተፈታለት። እሷ ከቦርሳዋ የተወሳሰቡ ሦስት ገመዶች አውጥታ አንዳንድ አደለቻቸው።

«ስናወራ ጠቅልሉልኝ፤ የእኔ እጅ እንዲህ ላለ ነገር አይታዘዝም» አለች። ከዚያም ቀጠለች፦ «መምህሩ ዘጠኝ ከሩብ ላይ ሶኬት ሊነቅሉ ወደ ላይ ሮጡ። ከታች እስከዚያ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሳጥኗ ግን የቆመችው ዘጠኝ ከአርባ አንድ ላይ መሆኑን ራሷ መዝግባለች። በመካከል ዘጠኝ ከሃያ አምስት ላይ ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ጠርቶ አልተነሳም። የሚጨነቅ ሰው ያንን ስልክ ሳያነሳ አይቀርም። ያን ጊዜ መምህሩ በሕይወት አልነበሩም። ታዲያ ሶኬቱን ማን ነቀለው?»

ወደ ታናሹ ዞረች።

«ደግሞ ቴሌቪዥን መስኮት ነው፤ ቤቱ ሳጥኗ ናት። እሷ ከቆመች በኋላ መስኮቱ ባዶ ነው። አንተ ልጄ፣ እስከ አሥር ሰዓት ምን ስታይ ነበር?»

«ሰዓቱን... ተሳስቼ ይሆናል» አለ ታናሹ።

«ቆይ። እጆቻችሁን ተመልከቱ።»

ቴክኒሻኑ ገመዱን በክርኑ ዙሪያ ጠምጥሞታል። እህቲቱ እንደ ሜትሯ አጣጥፋዋለች። በታናሹ መዳፍ ላይ ግን እኩል ቀለበቶች ተደርድረዋል፤ አንዱ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ።

«ካሜራ የያዘ ሰው ገመዱ እንዳይጠማዘዝ እንዲህ ይጠቀልላል» አለች መርማሪዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አእምሮህ ሲሸበር እጅህ ልማዱን አልረሳም። ሳጥኗ በመጨረሻ ስትጽፈው የነበረውም ሠርግ ነው። የአንተ ሥራ ነው።»

ልጁ ዐመድ መሰለ። ገመዱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ሠርጉን ከካሜራዬ ካርድ ወደ ሳጥኗ እያዛወርኩ ነበር» አለ። «የተዛወረው ከካርዱ ይጠፋል፤ ግማሹ ላይ ብትነቀል ሠርጉ ይበላሽ ነበር። አባዬ ‹ንቀላት! ንቀላት!› እያለ መጣ። ‹አሥር ደቂቃ ጠብቀኝ፣ የሰው አደራ ነው› ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ‹እናትህ ናት!› አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። በጎኔ ሊያልፍ ሲል ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው፣ እትዬ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ከዚያስ?»

«ወርጄ ጠራሁት። ትንፋሽ የለውም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ካርዴን ሳይሆን እሱ የለመነኝን አሰብኩና ወጥቼ ነቀልኳት። ከዚያ ፍርሃቱ መጣ። ምስማሮቹን በፒንሳ አወጣሁና...» ወደ ቴክኒሻኑ ማየት አቃተው። «ልጆችህን ረስቼ ነው፣ ወንድሜ። ይቅር በለኝ።»

ቴክኒሻኑ ገመዱን ከክርኑ ፈታ። ነጻ ወጥቷል፤ ግን ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። የመስተዋቱን ነገር ሳይነግራቸው የቀረው እሱ ነው፤ በዚህ ማንም አይከሰውም።

መርማሪዋ ላፕቶፕ ከፈተች።

«ሠርጉ ብዙውን ረግጦታል። አንተ ስለነቀልካት ግን ባለሙያችን አራት ደቂቃ አትርፏል።»

ምስሉ ጨለምለም ያለ ወጥ ቤት ነው። ሳህን ይንኳኳል። የደከማት ሴት ድምፅ ተሰማ፦

«ትንሹ በላ?»

«በልቷል» አለ የመምህሩ ድምፅ፣ በወጣትነታቸው። «እቅፌ ላይ ተኝቷል። ቀስ በይ፣ እንዳትቀሰቅሺው።»

ታላቋ ልጅ ተነሥታ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠችና አንገቱን አቀፈች። ልትመታውም ልታባብለውም የመጣች ትመስል ነበር። እሱ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አነባ።

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ወደ ልጁ ተራመደ።

«ቆይ» አለችው መርማሪዋ። «አራት ደቂቃው ይለቅ።»