«አላውቀውም» ያለችው ውዳሴ

ውዳሴ ስድስት ዓመቷ ነው። ከእማዬ፣ ከአባዬና ከትንሹ ወንድሟ ከናሆም ጋር ከጅማ ተነስታ ስዊድን ወደሚባል ሩቅ አገር መጣች።

አዲሱ ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ውዳሴ መጋረጃውን ገለጥ ስታደርግ ውጭው ሁሉ ነጭ ሆኗል።

ጅማ እያሉ በረዶ ሲጥል ቆርቆሮውን «ቋ! ቋ! ቋ!» ያደርገው ነበር። የዚህ አገር በረዶ ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ ነው፤ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«ምንም አይሰማም» አለች ውዳሴ፣ ጆሮዋን መስኮቱ ላይ ለጥፋ።

የፈረንጆች ገና ሊደርስ ነው። በውዳሴ ትምህርት ቤት ልጆቹ ይዘምራሉ። ወላጆች ደግሞ የሚበላ ነገር ይዘው ይመጣሉ።

በበዓሉ ዋዜማ አባዬ ሊጥ አቦካ። ጠዋት ተነስቶ ትልቅ፣ ክብ ድፎ ዳቦ ጋገረ። ቤቱ ጥቁር አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ ሸተተ።

ናሆም ስላተኮሰው እማዬ ከእሱ ጋር ቤት ልትቀር ነው። «መንገዱ ያንሸራትታል፤ ቦት ጫማህን አድርግ» አለችው አባዬን።

«የልጄ በዓል አይደል እንዴ?» አለ አባዬ። የክት ጫማውን አወጣ። ጥቁር ነው፤ ያብረቀርቃል። ሶሉ ግን ልሙጥ ነው።

የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ውዳሴን ቀድሞ አደረሳት። ልጆቹ ከካፖርታቸው በላይ ነጭ ቀሚስ ለብሰው ግቢው ውስጥ ተሰለፉ። ውዳሴ ከጓደኛዋ ከማያ አጠገብ ቆመች።

በግቢው በር አባዬ ብቅ አለ። ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ጥብቅ አድርጎ አስሮ፣ እንደ ሕፃን ልጅ አቅፎታል።

ሸርተት! አባዬ ተንገዳገደ። ቆመ።

ሸርተት! ሸርተት! አሁንም ተንገዳገደ። አሁንም ቆመ።

ሸርተት! ሸርተት! ሸርተት! ዷ! አባዬ በረዶው ላይ በቂጡ ተቀመጠ።

ዳቦው ከእጁ አመለጠ። ክብልል! ክብልል! ክብልል! እንደ ጎማ ተንከባሎ ልጆቹ እግር ሥር መጥቶ ቆመ።

ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። አባዬም ሳቀ። በረዶውን ከሱሪው እያራገፈ ተነሳና በዓይኑ ውዳሴን ፈለጋት።

ውዳሴ አፈረች። ፊቷ ጋለ። አንገቷን ደፋች።

«ያ ሰውዬ ማን ነው?» አለቻት ማያ።

«አላውቀውም» አለች ውዳሴ።

አባዬ ዳቦውን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ነበር። በጣም ቅርብ ነበር። ስዊድንኛ ገና እየተማረ ነው፤ ይህችን ቃል ግን ያውቃታል።

የአባዬ ሳቅ ቆመ። ውዳሴን አየት አደረጋት፤ ግን በስሟ አልጠራትም። ዳቦውን ይዞ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ ወደ አዳራሹ ገባ።

ልጆቹም ወደ አዳራሹ ገብተው መዘመር ጀመሩ። ውዳሴ መዝሙሩን በደንብ ታውቀዋለች። ዛሬ ግን ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች።

አባዬ ከሁሉም ወላጆች ኋላ፣ ጥጉ ጋ ብቻውን ተቀምጧል። ጫማው በስብሷል። እጁን አላውለበለበም።

ውዳሴ አፈረች። ፊቷ ጋለ። አንገቷን ደፋች።

ከመዝሙሩ በኋላ መምህርቷ ዳቦውን ቆራርሳ ለልጆቹ ሰጠች። «ሲጣፍጥ!» አለች ማያ። «ማን ነው የጋገረው?»

ውዳሴ ዳቦውን ጎረሰች። አላመጠች፣ አላመጠች። የቀረውን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

ተነስታ ካፖርቶች ወደሚሰቀሉበት ክፍል ሄደች። ከአንድ ረጅም ካፖርት ኋላ ገብታ ተደበቀች። እዚያ ማንም አያያትም። ግን እዚያም አፈረች።

ኳ! ኳ! ኳ! የእግር ኮቴ መጣ። ካፖርቱ ተገለጠ። አባዬ ነው።

«ልንሄድ ነው። ጓንትሽን አድርጊ» አላት። ተንበርክኮም የአንገት ልብሷን አሰረላት።

«አባዬ፣ ያልኩትን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ተቆጣህ?»

አባዬ ትንሽ አሰበ። «አልተቆጣሁም። ግን ከፍቶኛል።»

የውዳሴ እንባ ዱብ፣ ዱብ አለ። «ልጆቹ ሲስቁብህ አፈርኩ። አሁን ደግሞ አላውቀውም በማለቴ አፈርኩ። ይኼኛው ይብሳል።»

«እኔም እኮ አፍሬ ነበር» አለ አባዬ። «ያ ሁሉ ልጅ እያየኝ መውደቄ!»

«ግን ስቀህ ነበር።»

«ሳፍር ነው የምስቀው።»

ውዳሴ ይህንን አታውቅም ነበር። አባቷ እንደሚያፍር አታውቅም ነበር። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ይቅርታ፣ አባዬ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ» አለ አባዬ። እሱም እቅፍ አደረጋት።

ውዳሴ አፍንጫዋን ጠረገች። «ቆይ አንዴ» አለችው። እጁን ይዛ ወደ አዳራሹ ጎተተችው።

ማያ ሌላ ቁራሽ ዳቦ ይዛ ቆማለች። የውዳሴ ፊት እንደገና ጋለ። አንገቷን ግን አልደፋችም።

«ማያ፣ ቅድም ዋሽቼሻለሁ። አባቴ ነው» አለች። «ዳቦውንም የጋገረው እሱ ነው።»

ማያ አባዬን ቀና ብላ አየችው። «ታዲያ ለምን አላውቀውም አልሽ?»

«ሳቃችሁበት። አፈርኩ።»

 ማያም ስቃ ነበር። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ከዚያ አባዬን ቀስ ብላ፣ «ተጎድተው ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«ትንሽ» አለ አባዬ፣ ቂጡን እየነካ። አሁን ሦስቱም ሳቁ።

ቤት ሲደርሱ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በዚህ አገር ግን በዘጠኝ ሰዓት ይጨልማል። የናሆም ትኩሳት ለቆታል። ፍራሽ ላይ ተኝቶ እግሩን ያወራጫል።

«በዓሉ እንዴት ነበር?» አለች እማዬ።

ውዳሴ አባዬን አየችው። አባዬ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። መናገር ያለባት እሷ ናት።

ሁሉንም ነገረቻት። ስለ መውደቁም፣ ስለ ሳቁም፣ «አላውቀውም» ስለማለቷም ነገረቻት። እማዬ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያም ጸጉሯን ዳሰስ አደረገችላት።

አባዬ ካልሲውን አወለቀ። ጣቶቹ ቀዝቅዘው ነጭ ሆነዋል።

ውዳሴ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። በሳፋ ለብ ያለ ውኃ ቀድታ፣ እንዳይፈስባት ቀስ፣ ቀስ እያለች አመጣች።

አባዬ እግሩን ውኃው ውስጥ አስገባ። ውዳሴ እጇን ሰዳ ጣቶቹን አንድ በአንድ አሸችለት። ቸፍ፣ ቸፍ፣ ቸፍ።

«ሞቀህ፣ አባዬ?»

«ገና ነው» አለ አባዬ፤ ፈገግ ብሏል። ውዳሴም ማሸቷን ቀጠለች።