ለሚመጣው እጅ

ባለፎቁን የገደሉት ምሳ ሊያበላ ሲሰናዳ ነው። ሃያ አራተኛው ፎቅ ላይ፣ በገዛ ቤቱ ኩሽና፣ ነጭ እብነ በረድ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ግንባሩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የግራ ዓይኑ ከጉንጩ ጋር ተደፍጥጧል፤ አንድ ጥርሱ ማጠቢያው ሥር ተገኝቷል። ደሙ የታችኞቹ መሳቢያዎች ላይ ተረጭቶ ወለሉ ላይ ረግቷል። ከሬሳው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አንድ ከባድ የብረት መጥበሻ ቁጭ ብሏል፤ ቂጡ ላይ ፀጉር ተጣብቆበታል።

መርማሪዋ «እትዬ ለምን» ሲደርሱ ሰዓቱ ከሰባት አልፎ ነበር። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ይሄኛውን ያወጣላቸው ፖሊስ ጣቢያው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በገቡበት ቤት ሁሉ «ለምን?» ማለት አልሰለቻቸውም። ስሙን ያውቁታል፤ ቅርም አይላቸው። ሊፍት ሲፈሩ ግን ለጉድ ነው፤ ሃያ አራት ፎቅ በዚያ ጉልበት አይወጣምና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሳጅኑን ክንድ ጨምድደው ወጡ። በዚያ ላይ ምሳ አልበሉም። ቤቱ ደግሞ በቅቤ የበሰለ ሶስ ሽታ አውዶታል። ሰው ሞቶ ሆዳቸው ሲጮኽ አፈሩ።

«ነገሩ ያለቀለት ነው፣ እትዬ» አለ ሳጅኑ። «ሼፏ ናት። ጠዋት ከሰውየው ጋር ተጨቃጭቀዋል፤ ‹ከምሳ በኋላ ዕቃሽን ጠቅልለሽ ውጪልኝ› ሲላት ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ሬሳውን አገኘሁ ያለችውም እሷው ናት። አለቃ በዘጠኝ ሰዓት ይዛችኋት ኑ ብለዋል።»

«ለምን በዘጠኝ?»

«ጋዜጠኞች ጠርተዋላ።»

«ያልተገላበጠ ያራል፣ ልጄ። እስቲ መጀመሪያ እናገላብጠው።»

ባለፎቁ ቅንጡ መኖሪያ እየሠራ የሚሸጥ ሰው ነበር። «አፍ ያልፈረመውን እጅ አይፈርመውም» ይል ነበር አሉ። ገዢ ሲመጣለት እዚህ ቤቱ ያስቀምጥና፣ ከተማውን በመስታወቱ ግድግዳ ቁልቁል እያሳየ፣ ሰባት ዓይነት ምግብ አከታትሎ ያበላዋል። የዛሬዎቹ እንግዶች ለሰባት ሰዓት ተጠርተው ነበርና ከበር ተመልሰዋል። ግድያው በተፈጸመበት ጊዜ፣ ከስድስት እስከ ስድስት ተኩል ድረስ፣ ከሟቹ ጋር ቤቱ ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሚስቱ፣ ሽያጩን አብሮት የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ፣ ሼፏ፣ እና «ቀማሹ» የሚሉት ሰውዬ። ቀማሹ በየምግብ ቤቱ እየበላ ስለ ድሎት ኑሮ መጽሔት ላይ ይጽፋል። በር ሲገባ ሆዱ ቀድሞት ነው የሚገባው።

እትዬ ለምን ጎንበስ ብለው መጥበሻውን አዩት። እጀታው ጫፍ ላይ አንድ ቁንጥር ነጭ ዱቄት ተነስንሶበታል።

«አሻራ ለማጥፋት ነው» አለ ሳጅኑ።

«ውሃና ሳሙና አጠገቡ እያለ? ያውም በቁንጥር? ለምን?»

ሳጅኑ ደብተሩን ገለበጠ። ይህቺን ጥያቄ አይወዳትም።

ሼፏ እጇ ላይ ካቴና ገብቶላት ጥግ ቆማለች። ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን ናት፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ድረስ የድሮ ጠባሳ ብቻ ነው።

«መጥበሻው የት ነበር፣ ልጄ?» አሏት።

«ኦቨን ውስጥ። ሥጋው ሳይገባበት በፊት ባዶውን እንዲግል ከትቼው ነበር። ዓሣ የጫነው መኪና መጣ ሲሉኝ ወረድኩ። ሩብ ሰዓት ብቆይ ነው። ስመለስ…»

«ስትመለሺ ነካሽው?»

«ሬሳውን ገና ሳላይ፣ መጥበሻውን ላነሳ እጄን ሰደድኩና ዱቄቱን ሳይ መለስኩት። ትኩስ ነው ማለት ነዋ።»

«ለምን?»

«የድሮ ሙያተኞች ደንብ ነው፣ እትዬ። ከእሳት የወጣ ብረት ሲያዩት ከቀዝቃዛው አይለይም። እጀታው ላይ ዱቄት ካለ፣ የሚመጣው ሰው በባዶ እጁ አይዘውም። ያስተማሩን አሮጊት ነግረውናል እንጂ እኛስ ጨርቅ ነው የምናስረው።» በታሰረ እጇ ከምድጃው በላይ በመደዳ የተሰቀሉትን ቀያይ ጨርቆች አሳየች።

«ሌላስ? የተለየ ነገር አላየሽም?»

ትንሽ አሰበች። «ሶሱ ከእሳት ወርዷል። በስሱ እሳት ጥጄው ነበር የሄድኩት፤ ባያወርዱት ያር ነበር። ማን እንዳወረደው እንጃ። እዚህ ቤት ከእኔ በቀር ኩሽና የሚገባ የለም።» ከዚያ አለቀሰች። «እኔ አልገደልኩትም። አምስት ዓመት የሰው ሽንኩርት ልጬ ነው እዚህ የደረስኩት። በዘጠኝ ሰዓት በካቴና ካዩኝ፣ ነገ ነፃ ብባል እንኳ ማን ቢላ ያስይዘኛል?»

እትዬ ለምን ቀያዮቹን ጨርቆች ቀና ብለው አዩ። ሳጅኑ ልጅቷን ወደ ሳሎን ሲወስዳት፣ በጠባቡ መተላለፊያ ከጀርባቸው ስታልፍ «ከኋላ!» አለች ጮክ ብላ።

«ምን አልሽ?»

«ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ኩሽና ውስጥ ከሰው ጀርባ የሚያልፍ ይጮኻል። አለዚያ ሰው ይቃጠላል፣ ሰው ይቆረጣል።»

ሳሎኑ ደጃፍ ላይ ገና እግሯን ስታነሳ፣ ታናሽ ወንድም ከሶፋው ተወርውሮ ጉሮሮዋን ያዛት። «አንቺ ውሻ! የወንድሜን ደም!» ጭንቅላቷን ከመስታወቱ ግድግዳ ጋር አጋጨው፤ ደገመው፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ መስታወቱ ላይ ደም ተንጠባጠበ። ሳጅኑ ወገቡን ቢይዘው አልላቀቅም አለ። እትዬ ለምን ግን ከትግል ጋር ጉዳይ የላቸውም። የሰውየውን ትንሿን ጣት ፈልገው ያዙና ወደ ኋላ አጠፏት። ሰውየው በሙሉ ጣቱን ተከትሎ ተንበረከከ።

«ቁጭ በል» አሉት። «አንድ ሬሳ ይበቃኛል፤ ምሳም አልበላሁ።»

ሚስትየው ሳትጠየቅ ተነስታ ውሃ አመጣች። ረጅም ቆንጆ ሴት ናት፤ በዚያ ሙቀት እስከ አንጓዋ የሚደርስ እጅጌ ለብሳ፣ ሻሽ እስከ ቅንድቧ ድረስ አጥብቃ አስራለች። ብርጭቆዎቹን በሰሃን ይዛ ከእትዬ ለምን ጀርባ ስታልፍ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ በሹክሹክታ አንድ ቃል አለች። ቀጥ ብላ ወደ ሼፏ ሄደች፤ አገጯን ቀና አድርጋ ራሷ አጠጣቻት። እትዬ ለምን ዞረው አዩአት።

ከዚያ ወደ ምግብ ክፍሉ ገቡና ሰዎቹን አንድ በአንድ አስጠሩ። ጠረጴዛው ለስምንት ሰው ተሰናድቷል፤ የጨርቁ ናፕኪን ግን ሰባት ነው። ከመግባታቸው በፊት ሳጅኑን አንድ ነገር አዝዘውት ስለነበር፣ በጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ሌላ የብረት መጥበሻ ተቀምጧል፤ እጀታው ላይ ቁንጥር ዱቄት አለበት።

ታናሽ ወንድም ጣቱን እያሻሸ ገባ። «በረንዳ ላይ ስልክ ሳወራ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ! ምን ትጠይቁኛላችሁ?»

«የወንድምህ ሚስት ኩሽና ትገባለች?»

«እሷ? የአምባሳደር ልጅ እኮ ናት! ቢላ በየት በኩል እንደሚቆርጥም አታውቅ።»

«እሺ። ያንን መጥበሻ አቀብለኝና ሂድ፤ ጉልበቴን አሞኛል።»

በባዶ እጁ አንጠልጥሎ አመጣና ፊታቸው ወረወረው።

ቀማሹ ሲመጣ ላብ አጥምቆታል። «የወይን ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ምንም አላየሁም፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ጆሮዎስ?»

«የእሱን ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ ብረት ሲመታ፤ ሦስቴ። የመጀመሪያው ከሁለቱ በጊዜ ትንሽ ራቅ ይላል።»

«ለምን አልሄዱም ታዲያ?»

«እዚህ ቤት ሰውየው ሲጮኽና ዕቃ ሲሰበር አዲስ ነገር አይደለም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው። የምበላበትን ቤት ገመና ምን ብዬ ላውጣ?»

መጥበሻውን እንዲያቀብላቸው ሲለምኑት እሱም በባዶ እጁ አነሳው፤ መዳፉ ላይ የቀረውን ዱቄት በኮቱ ጠርጎ «ኧረ ኮቴን!» አለ።

ሚስትየው የገባችው መጨረሻ ነው። «ልብስ ስቀይር ነበር» አለች። «ኩሽና አልገባም። እሳት ማንደድም አላውቅ፤ ባለቤቴ አይወድም ነበር።»

«አይወድም? ለምን?»

«እንዲሁ።»

«እግዜር ያጽናዎት። ያንን መጥበሻ ቢያቀብሉኝ?»

ሴትየዋ ናፕኪን አነሳች፤ አራት ላይ አጠፈችው፤ ከእጀታው ሥር አደረገችውና በሁለት እጇ ይዛ በቀስታ አስቀመጠችላቸው።

እትዬ ለምን አመሰገኗት። ልባቸው ደስ አላለውም፤ እንዲያውም ከበደው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም በጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጧቸው። ሼፏ ካቴናዋን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ በሩን በሩን ታያለች።

«በዘጠኝ ሰዓት ይቺን ልጅ እንድወስድ ታዝዣለሁ» አሉ እትዬ ለምን። «ከመውሰዴ በፊት ግን አንድ ነገር አልዋጥ ብሎኛል። ዱቄቱ። ሳጅን አሻራ ለማጥፋት ነው አለ። አይደለም። ዱቄት እጀታ ላይ የሚነሰነሰው ‹ትኩስ ነው፣ አትንካው› ለማለት ነው። ሰው ደግሞ ለራሱ ‹አትንካው› አይልም፤ የሚለው ኋላ ለሚመጣ ሰው ነው። እዚህ ኩሽና ኋላ የሚመጣው ማን ነው? ሼፏ ብቻ። እንግዲያው ዱቄቱ ለሼፏ የተነሰነሰ ነው፤ የነሰነሰው ሌላ ሰው ነው።»

ሼፏ ቀና አለች።

«ማንም ሊሆን ይችላል» አለ ታናሽ ወንድም።

«የሚያውቀው ብቻ ነው የሚሆን። ሶሱ ሊያር ሲል አንድ ሰው ሸትቶት ገብቶ አውርዶታል፤ ድስቱ እንዳይፋጀው ከዚህ ጠረጴዛ ናፕኪን ይዞ ሄዷል፤ አንድ ጎድሏል፤ ቁጠረው። በዚያው ናፕኪን መጥበሻውን ያዘበት። ቀዩን ጨርቅ አላሰረም፤ ምክንያቱም ሙያውን የተማረው በዱቄቱ ዘመን ነው። እንግዲህ ሦስታችሁንም መጥበሻ አቀብሉኝ አልኩ። አንተ በባዶ እጅህ። እርስዎም በባዶ እጅዎ፣ ከነኮትዎ። አንድ ሰው ግን ዱቄቱን አይቶ ናፕኪን አጠፈ። መጥበሻው ከቁም ሳጥን የወጣ በረዶ የመሰለ ቀዝቃዛ ነበር።»

ሁሉም ወደ ሚስትየው ዞረ። ሴትየዋ እጆቿን ታያለች።

«ውሃ ስታመጪ ከጀርባዬ ‹ከኋላ› አልሽ» አሏት እትዬ ለምን፤ «እርስዎ» ማለቱን ሳያስቡት ተዉት። «የአምባሳደር ልጅ እንዲህ አትልም።»

«ውሸት ነው!» ታናሽ ወንድም ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። «ማስረጃ የለም!»

እውነቱን ነው፤ ናፕኪኑም አልተገኘም። እትዬ ለምን ይህን ያውቃሉ። ወንበራቸውን ወደ ሴትየዋ አስጠጉ።

«እህቴ፣ ሰው ገድለሽ፣ ይቺ ልጅ መጥታ እንዳትፋጅ ብለሽ ዱቄት ነሰነስሽላት። ከዚያ በካቴና ስትታሰር ዝም አልሽ። እጇ እንዳይቃጠል አሰብሽላት፤ ዕድሜዋ ቢቃጠልስ? ለምን?»

ሴትየዋ ሼፏን አየቻት፤ የተሰነጠቀ ከንፈሯን፣ ባለ ጠባሳ ክንዷን። ሻሿን ፈታች። ከግራ ጆሮዋ በላይ ፀጉሯ አርሮ ከቆዳዋ ጋር ተጣብቋል፤ ቆዳው ውሃ ቋጥሯል። ቀማሹ ፊቱን አዞረ።

«መናኸሪያ አጠገብ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ነበረችኝ» አለች። «እዚያ ስሠራ ነው ያገኘኝ። ካገባኝ ወዲያ የአምባሳደር ልጅ አደረገኝ፤ የኩሽና ሽታ ከሸተትሽኝ እገድልሻለሁ አለኝ። ይመታኝ ነበር፤ አንተም ታውቃለህ» አለችው ታናሽ ወንድምን፤ አንገቱን ደፋ። «አሥራ ስምንት ዓመት ኩሽና ረግጬ አላውቅም። ዛሬ ግን ሶሱ ሊያር ነው፤ ሸተተኝ። አላስችል አለኝ። ማውረድ ብቻ ነበር የፈለግኩት። ሳስቀምጠው ገባ። ፀጉሬን ጨብጦ ጭንቅላቴን እሳቱ ላይ ደፋው። ሲለቀኝ ኦቨኑ ሥር ወደቅኩ። እየረገጠኝ የኦቨኑን በር ከፍቼ መጥበሻውን በናፕኪኑ ጨበጥኩ። ሦስቴ መታሁት። አንዱ ይበቃ ነበር። ሁለቱን ከወደቀ በኋላ ነው፤ አውቃለሁ። ናፕኪኑ ፍራሼ ሥር አለ።»

«ልጅቷስ?» አሉ እትዬ ለምን።

«ፈራሁ። ምንም ስላላደረገች ይለቋታል እያልኩ ራሴን አታለልኩ።» ወደ ሼፏ ዞረች። «ይቅር በይኝ አልልሽም።»

ሳጅኑ ካቴናውን ከሼፏ እጅ ፈታ። ሴትየዋ ሳይጠይቃት እጇን ዘረጋችለት። እትዬ ለምን ሻሹን አንስተው፣ የተቃጠለውን እንዳይነካባት ተጠንቅቀው መልሰው አሰሩላት። «የቃጠሎሽን ቁስል ሐኪም ያየዋል፤ ይጻፋል» አሏት ቀስ ብለው። «እኔ ራሴ አስጽፋለሁ።» ስልካቸው ጮኸ፤ አለቃ ናቸው። አላነሱትም።

ሼፏ ቀድማ ወጥታለች፤ ጀርባዋን ሰጥታ በጠባቡ መተላለፊያ ቆማ፣ ፊቷን በሽርጧ ይዛ ታለቅሳለች። የሚያልፉ ሰዎች ኮቴ ሰማች እንጂ አልዞረችም። ሴትየዋ አጠገቧ ስትደርስ ቆም አለች።

«ከኋላ» አለች በቀስታ።

ሼፏ እያለቀሰች፣ እንደ ልማዷ፣ ገለል ብላ አሳለፈቻት።